አይዞሽ

እናቴ ጭንቅላቷን በጨረር ስትታከም፣ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ሁልጊዜ «አይዞሽ እማዬ፣ አሁን ያልቃል» እላት ነበር። ሕክምናው ሳያልቅ እሷ አለቀች። ከአንጎሏ የደም ሥር በቀዶ ሕክምና የተወሰዱት ሴሎች ግን እኔ በምሠራበት ላቦራቶሪ አሁንም በሕይወት አሉ። ጠዋት ጠዋት አንድ ሳህን ሴል ጨረር አስመታለሁ፤ አለቃዬ የትኞቹ ዘረመሎች ነቅተው መሥራት እንደጀመሩ ታነባለች። የጨረር ማሽኑን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት፣ አፌ ስለለመደ፣ ያንኑ «አይዞሽ» እላለሁ።

ዛሬ አለቃዬ የውጤቱን ወረቀት ይዛ መጣች።

«የጨረር ማሽኑ ተበላሽቷል አላልሽኝም?»

«ከትናንት ጀምሮ አይሠራም።»

«እነዚህ ዘረመሎች የሚነቁት ጨረር ሲነካቸው ብቻ ነው። በዛሬዎቹ ሴሎች ግን ሁሉም ነቅተዋል። ምን አድርገሻቸው ነው?»

ሳህኑን አየሁት።

«ምንም። አይዞሽ ብቻ ነው ያልኳት።»