የስታዲየሙ አዲስ መብራት

ሴትዮዋ የተቀመጠችው ግብ ጠባቂው ልጇ ከቆመበት ግብ ጀርባ ነው። ቀና ብላ አዲሱን የኤልኢዲ መብራት አየችና ከንፈሯን አጣመመች።

«የዳቦ መጋገሪያ ትሪ ሰቅለው መብራት ቀየርን ይሉናል። አሁን ይጠፋል፣ ታያለህ» አለች አጠገቧ ላለው ጎረቤቷ።

«ቢጠፋም እንደ ድሮው የጋለው አምፖል እስኪቀዘቅዝ አያስጠብቅም፣ እትዬ። ጄኔሬተሩ እንደተነሳ ቦግ ነው የሚለው።»

«ማን ነገረህ? ሪባን የቆረጡት ሰውዬ?»

አምና የድሮዎቹ አምፖሎች በጨዋታ መሃል ጠፍተው፣ ኤሌክትሪኩ ከተመለሰ በኋላ እንኳን እስኪቀዘቅዙ ሩብ ሰዓት ያህል አልበሩም ነበር። በዚያ ጨለማ የተወረወረ ድንጋይ የልጇን ቅንድብ ተረተረው። ከዚያ ወዲህ ስታዲየም የምትመጣው ኳስ ለማየት አይደለም።

ተጫዋቾቹ ለእረፍት ሊወጡ ሲሉ መብራቱ ድርግም አለ።

«አላልኩህም?» አለች። ከድምፅዋ ደስ ያላት ትመስላለች። ወዲያው ግን ይህም ጨለማ እንደ አምናው ረጅም ነው ብላ፣ ማንም ሳያያት ልጇን ከድንጋይ ልትከልል ዝቅተኛውን አጥር ተሻግራ በዳበሳ ወደ ግቡ ሮጠች። እጇ የግቡን ቋሚ አገኘ።

«ልጄ፣ የት ነህ?»

መብራቱ ቦግ አለ።

ስታዲየም ሙሉ ሰው አያት፤ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ባዶው ግብ መሃል ብቻዋን ቆማለች።

ከአጥሩ ወዲያ፣ ባዶ መቀመጫዋ አጠገብ፣ ጓንት ያጠለቀ ረጅም ልጅ ቁና ቁና እየተነፈሰ ጎረቤቷን ይጠይቃል።

«እማዬ የት ሄደች? ጨለማ ትፈራለች እኮ።»