የማዶው ማኅበር አርማ

አላስዴር ወሩን ሊሳሳት ይችላል፤ ጥቅምት ሳይሆን ኅዳር ሊሆን ይችላል። ሽማግሌው ጊልክሪስት ግን የማዶውን ማኅበር አርማ ደረቱ ላይ ሰክቶ የመጣው በመኸር ግብዣ ላይ እንደነበር አይጠራጠርም።

በዳልብራይ የከሰል ቆፋሪዎች ከተማ ለማኅበር ወንድም ከዚህ የከፋ ጥፋት አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ያለውን ማኅበር የእነሱ ማኅበር አያውቀውም። እዚያ ሄዶ ለአባልነት መማል ያስባርራል፤ ከማዶዎቹ ጋር መነጋገር፣ ስለ እነሱ መጠያየቅ እንኳ ክልክል ነው። የተባረረ ሰው ሲሞት ደግሞ አንድም ወንድም ሬሳውን አይሸከምም።

«በስተርጅና ውሽማ!» አለ ሰብሳቢው፣ ሥጋ ሻጩ ማክፌይል። «አርባ ዓመት አብሮን በልቶ!»

ደንቡ ግን ቸኩሎ አያባርርም። ሁለት ወንድሞች ሦስት እሑድ ቤቱ ሄደው ሊለምኑት ይገባል። ማክፌይልና ወጣቱ ጸሐፊ አላስዴር ሄዱ።

ጊልክሪስት ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ብቻውን ነው። ሳያንኳኩ በሩን ከፈተላቸው። ምድጃው ይነድዳል፤ ሻይና ቅቤ የተቀባ የአጃ ቂጣ ቀርቧል። አርማው ደረቱ ላይ ነው።

«ወንድም ጊልክሪስት፣ ምን አጎደልንብዎ?» አለ አላስዴር።

«ላስብበት። መጀመሪያ ሻይ ጠጡ።»

በሁለተኛው እሑድ ስለ ከሰል ጉድጓዱ፣ ስለ ማክፌይል አባት ዘፈን ሲያወራ መሸ።

«እያዘናጋን ነው፣ ተንኮለኛ!» አለ ማክፌይል መንገድ ላይ።

በሦስተኛው እሑድ አላስዴር ለመነው። «አባቴ፣ ይንቀሉትና ይብቃ። ማን ሊቀብርዎ ነው?»

«ብነቅለውስ?»

«ነገሩ አለቀ። ከዚህ በኋላ ማንም መጥቶ አይረብሽዎትም።»

ሽማግሌው ሻይ ደገማቸው።

«እስከሚመጣው እሑድ ላስብበት» አለ።

«አራተኛ እሑድ የለም፣ ሰውዬ!» ማክፌይል ባርኔጣውን አነሳ። «ልቡ ማዶ ተሻግሯል። እንሂድ።»

ጊልክሪስት በሙሉ ድምፅ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሰላም የሚለው ጠፋ።

በሚያዝያ አላስዴር ደንቡን ጥሶ ወንዙን ተሻገረ። አንዱን ሰው ስለ ማኅበሩ ጠየቀ፤ ሰውዬው ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል ብሎ ሌላውንም ጠየቀ። ሁለቱም የነገሩት አንድ ነው።

የማዶው ማኅበር ከዚያ የመኸር ግብዣ ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ አባላቱ አልቀው ፈርሶ ነበር።