የድምፅ ቀጂው ሚስት

ድምፅ ቀጂው ሥራ ሲሄድ ሚስቱም አብራው ትሄዳለች። የፊልም ቡድኑ «ዘበኛዋ» ይላታል።

ዛሬ ቀረጻው ኮረብታው ላይ ነው። ንፋሱ አላስቆም አላስቀምጥ ብሏል። ሁሉም ደክሞታል። ይሄው ትዕይንት ባለፈው ድምፁ ተበላሽቶ ነው እንደገና የሚሠራው። ዳይሬክተሩ ጠዋት ድምፅ ቀጂውን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ዛሬም ከተበላሸ ሌላ ሰው ነው የማመጣው» ብሎታል።

ሰውዬው ሣር ነጭቶ ለቀቀና ንፋሱ በየት እንደሚወስደው አየ። ማይኩን ፀጉራም ልብሱን አለበሰው። ከቁጥቋጦው ከለላ፣ ቅጠል እንዳይነካው አድርጎ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ተከለው። ገመዱ እንዳይርገበገብ ድንጋይ ጫነበት። ከዚያ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ።

ሚስቱ ሄድፎን አጥልቃለች። ፊቷን ቋጠረች። እሱም ማይኩን ትንሽ ዝቅ አደረገው።

«ተዋናይቷ አጠገቡ ስለቆመች እኮ ነው» አለ ካሜራማኑ ለሜካፕ ሠሪዋ። «ሁለተኛውን ሄድፎን ለምን የምታጠልቅ መሰለሽ? ከልጅቷ ጋር የሚያወራው እንዳያመልጣት ነው።»

«ቅናት እቴ» አለች ሜካፕ ሠሪዋ። «እኔ ባሌ ቢጠፋ የምጣላው ፈልጎ ካመጣልኝ ሰው ጋር ነው።»

ከሰውዬው ጀርባ ሆነው ተንከተከቱ። እሱ ዞር እንኳን አላለም።

«አቤት ትዕግሥት» አለች ሜካፕ ሠሪዋ። «እኔ ብሆን ድሮ ነበር የምፈነዳው።»

ዳይሬክተሩ ወደ ሴትዮዋ መጣ። «እትዬ፣ ለዛሬ ታች መኪናው ውስጥ ይቀመጡልን። እርስዎ ሲያፈጡባት ልጅቷ ቃሉ ይጠፋባታል።»

«እዚሁ ጥግ ይዤ ብቀመጥስ? ዝም ነው የምለው።»

«እባክዎ፣ ሥራዬን ልሥራበት።»

ሴትዮዋ ሄዳ የባሏን ትከሻ ነካችው። «ውረጂ ብለውኛል» አለችው።

ፊቷን አየና ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ። «ትንሽ ብትቆይስ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎም ለመዱት ማለት ነው» አለ ዳይሬክተሩ። ካሜራማኑ ሳቁን ዋጠ።

ሄድፎኑን አውልቃ ሣሩ ላይ አስቀመጠችና ቁልቁለቱን ወረደች። እየወረደች ደጋግማ ዞራ አየችው።

ንፋሱ በረደ። ሁሉም ዝም አለ። ዳይሬክተሩ እጁን ሲያነሳ ተዋናይቷ እናቷን የምትሰናበትበትን ረጅም ንግግር ጀመረች። እንደዛሬ አሳምራው አታውቅም። ሜካፕ ሠሪዋ እንባዋን ጠረገች። ዳይሬክተሩ «ይኸው፣ አላልኩም?» በሚል ዓይን ካሜራማኑን ጠቀሰው።

ንግግሩ ሊያልቅ ሲል አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያቸው እያጓራ መጣ። ተዋናይቷ አቋረጠች። ሁሉም ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ዳይሬክተሩ ጭንቅላቱን ያዘ።

ድምፅ ቀጂው የቁጥቋጦውን ቅጠል ብቻ እያየ አውራ ጣቱን አነሳ፦ «ንጹህ ነው፣ ቀጥሉ።»