የሻምበል ጥሩወርቅ አውጫጭኝ

«ሻምበል፣ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ሊያስቆሙኝ አይችሉም» ይላል ውብአለም። ድምፁ የሚመጣው ከአንበሳሜ ነው። ኔትወርኩ ይቆራርጠዋል፣ እሱም ፈርቶ ይንተባተባል፤ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እሰማዋለሁ።

ልክ ነው። ደንባችን ፖሊስ ሰው ሲያስቆም መጀመሪያ ማንነቱን፣ ቀጥሎ ምክንያቱን ይናገራል ይላል። «ከሆስፒታሉ በር አምቡላንስ ተሰርቋል፣ ሹፌሩ አንተ ነህ። አደባባዩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በፈቃዱ ነው የቆመው» እለዋለሁ።

ከተማዋ ያለችው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ደሴ ያለውም ባሕር ዳር ያለውም በማይክሮፎን እየተነጋገርን እንኖርባታለን፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ባለታክሲ፣ እኔ የፖሊስ ሻምበል። በአካል ግን ደብረ ታቦር፣ እሸቴ ጌም ቤት፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነኝ፤ የጉና ተራራ ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። ቀን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ስሸጥ «አንቺ ልጅ» የማይለኝ የለም። አንቱ የምባለው እዚች ከተማ ውስጥ ብቻ ነው፤ ማዕረጌን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያት።

አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ይርጋ ተቀምጧል። በጨዋታው ባለታክሲ ነው፤ በእውነቱ ዓለም ደግሞ የምወደው ልጅ፣ በጥቅምት አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ያለፈው ቅዳሜ ስልኩን ሳያነሳ ዋለ። አጎቱን ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስዶት እንደነበር ነገረኝ፣ አመንኩት።

ዛሬ ቅድም ቻርጀር ላመጣ ስነሳ ከጀርባው አለፍኩ። ስክሪኑ ላይ አምቡላንሷን አየኋት። ሐይቁ ዳር ያለው ጋራዥ ውስጥ አቁሞ ጥቁር ቀለም እየቀባት ነበር፤ አንዱ በሯ ገና ነጭ ነው። እሱ አላየኝም።

ያየሁትን መናገር ግን አልችልም። ፖሊስ ስሆን እጄን አንስቼ የማልኩበት ደንብ ነው፦ ከጨዋታው ውጪ ያየኸውን ጨዋታው ውስጥ አታውቀውም። የሰው ስክሪን አይቶ ያሰረ ፖሊስ ማዕረጉን ይገፈፋል።

ስለዚህ አውጫጭኝ ጠራሁ። አባቴ ልጅ ሳለ እነሱ መንደር በሬ ጠፍቶ አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ዋለ። እያንዳንዱ ወደ ሽማግሎቹ ጠጋ እያለ የጠረጠረውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ወፏ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም። የእኛም ጨዋታ ሹክሹክታ አለው፤ ተጠግቶ ያወራህን ሰው ሌላው አይሰማውም። ይርጋን ያየ ሌላ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው።

አንድ በአንድ ይመጣሉ።

«ወፍ ውብአለምን አለችኝ፣ ሻምበል።»

«አዲስ ነው፤ ማን ያውቀዋል?»

«ሲናገር አይሰሙትም? ሌባ ባይሆን ምን ያንተባትበዋል?»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ትላለች እናቴ። እዚህ ሁሉም ጠርጥሮ አንድ እንግዳ ላይ ወረደበት። ጥፋተኛ ከተባለ ደግሞ ከከተማዋ ለዘለዓለም ይባረራል፤ ለመግባት ስንት ወር ደጅ ጠንቷል።

የመጨረሻው ይርጋ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬው ወደ እኔ ይጠጋል፤ ወንበሩ ላይ ያለው ይርጋ ደግሞ ክርኑ ክርኔን ይነካል። ማዳመጫውን ካንዱ ጆሮዬ ላይ ገፋ አደርገዋለሁ።

«ሻምበል፣ አንቱን አልዋሽም። ለእኔም ወፍ የነገረችኝ ውብአለምን ነው።»

መጀመሪያ በባዶው ጆሮዬ፣ ትንሽ ዘግይቶ በማዳመጫው እሰማዋለሁ። በሁለቱም ያው ነው። ድምፁ አይንቀጠቀጥም፣ አይፈጥንም። ባላየው ኖሮ አምነው ነበር።

«ሻምበል፣ ውሳኔዎ ምንድን ነው?» ይላል ጌጡ። የከተማዋ ዳኛ ነው፤ ደንቡን የሚያስከብረው እሱ ነው። ፊቱን አይቼው አላውቅም።

ማዕረጌን አስባለሁ። ውብአለም ማይክሮፎኑን አልዘጋውም፣ ትንፋሹ ይሰማል።

«ውብአለም ነፃ ነው። አምቡላንሷ ሐይቁ ዳር ያለው ጋራዥ ውስጥ ናት። የወሰዳት ይርጋ ነው።»

አጠገቤ ያለው ክርን ከክርኔ ይነሳል።

«ማን ነገረዎት?» ይላል ጌጡ።

«ወፍ ነገረችኝ።»

«ዳኛ ሹክሹክታውን ሁሉ ይሰማል፣ ሻምበል። እንዲህ ያለች ወፍ አልሰማሁም።»

«ወፏ ዓይኔ ናት» እላለሁ።

«ደንቡን ታውቂዋለሽ፣ ጥሩወርቅ» ይላል ጌጡ። አንቺ አለኝ። የደንብ ልብሴ ከላዬ ይጠፋና በተራ ሸሚዝ አደባባዩ መሐል እቀራለሁ። «በዚህ ማስረጃ ይርጋ አይታሰርም። ውብአለም ግን ይሂድ» ይላል ዳኛው።

«እ... እግዜር ይስጥልኝ፣ ሻምበል» ይላል ውብአለም። ልብሴን ሳያይ አይቀርም፤ ቢሆንም ሻምበል አለኝ።

ይርጋ ማዳመጫውን አውልቆ ይስቃል። አልተናደደም፣ አላፈረምም። «ለዚህ ብለሽ ነው ማዕረግሽን የጣልሽው? ጨዋታ እኮ ነው፣ ጥሩዬ።»

አየዋለሁ። አሁን ፖሊስ አይደለሁም፤ ምክንያቴን የመናገር ግዴታ የለብኝም።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ነግሬሽ የለ? አጎቴን ወንዛዬ ወስጄው ነበር።»

ድምፁ አይንቀጠቀጥም፣ አይፈጥንም።