መጨለም የነበረበት ቁራጭ

አንቲቦዲው ተማሪዋን ዋሽቷት ነበር። አንድን ፕሮቲን ብቻ ፈልጎ እንዲጣበቅና እንዲያበራ የተሠራ ነበር፤ ያ ፕሮቲን ጨርሶ ከሌላት አይጥ የተወሰደው የአንጎል ቁራጭ ግን ማይክሮስኮፑ ሥር አረንጓዴ እያበራ ነበር። ፕሮቲኑ በሌለበት ቁራጭ አለማብራቱን የማየቱን ማረጋገጫ ከሁሉ በፊት መሥራት ሲገባት፣ ውጤት ለማየት ቸኩላ ለመጨረሻ አቆይታዋለች። ሰኞ የምታቀርበው የሁለት ዓመት የመመረቂያ ሥራ ደግሞ በሙሉ በዚህ አንቲቦዲ ላይ የቆመ ነበር።

«ዶክተር፣ ጉድ ሆኛለሁ። ይዩት።»

አማካሪዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጥድፊያሽ አንድ ቀን...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ አዞሩ። እጃቸው ማስተካከያው ላይ እንዳለ ቀረ። ቆይተው ቦታውን ለቀቁላት። ከጥቁሩ መሃል ጥቂት የነርቭ ሴሎች ብቻ እስከ ቀጭኗ ክራቸው ድረስ በርተዋል፤ ጎረቤቶቻቸው ጨለማ ናቸው።

«አንቲቦዲው ዝም ብሎ የተለጠፈ ቢሆን ሁሉንም ይቀባ ነበር» አሉ። «ይሄ እየመረጠ ነው።»

«ምኑን?»

ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት ሰውዬ ተመልሰው ጎንበስ አሉ። «እኔ እንጃ» አሉ፣ በሹክሹክታ። «ማንም የሚያውቅ አይመስለኝም።»

«የሰኞውን ላሰርዝ ሄድኩ» አለች። አልሰሟትም። የኮሪደሩ ብርሃን እንዳይገባባቸው ሾልካ ወጣችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።