ከጎተራው ሥር

አልጣሽ፣ ባሏ ላቀው በተቀበረ በሳምንቱ ጎተራው ሥር የገባውን እባብ አላስገደለችም። አይጥ ይበላልኛል ብላ ጠዋት ጠዋት ወተት ታስቀምጥለታለች። ሌላ የምታስቀምጥለትም የላት።

ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ የሚያስተምረው የወንድሟ ልጅ ያረጋል ዓይነቱን ሊለይላት ቡሬ ድረስ መጣ። እባቡ ሲጠጣ በስልኩ እያበራ አየው፤ ከመጽሐፉ ሥዕሎች ጋርም አስተያየው።

«መርዝ የለውም፤ ዓይነቱን ግን አላገኘሁትም» አላት። «ለመሆኑ አክስቴ፣ ማተብ ያሰሩለት እርስዎ ነዎት?»

ጎንበስ ብላ አየች። ጥቁር ክር ነው፤ መሐሉ ላይ በቀይ ተቀጥሏል።

ላቀው ሲገነዝ ማተቡ ተበጥሶ ነበር። ጥቁር ክር ቢታጣ ከነጠላዋ ጥለት ቀይ መዝዛ ቀጠለችና አንገቱ ላይ መልሳ አሰረችለት። አብሮት ተቀብሯል።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያሰርኩለት» አለችና ወተት ጨመረችለት።