የተሸነፈ ይነሳል

በጋሽ ደጉ ፕሌይስቴሽን ቤት የተሸነፈ ከወንበሩ ይነሳል። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳችም።

ከሌላ ሰፈር የመጣ ወጣት ቪአር የሚሉትን ዓይን ሸፋኝ መነጽር ከቦርሳው አውጥቶ ፊት ለፊቷ አስቀመጠ። "ይሄን ስታጠልቂ ጨዋታው ውስጥ ትገቢያለሽ። ቴሌቪዥን ላይ ማፍጠጥ ድሮ ቀረ።"

"እኔ ያለ መነጽርም ውስጡ ነኝ" አለችው።

"ጉረኛ! በይ ቦክስ እንሞክር። የመነጽሩን ቦክሰኛ ያልጣለ ወንበሩን ይለቃል።"

"እሺ፣ ጀምር።"

ወጣቱ ቆሞ ተጫወተ። ቡጢ ሲሸሽ ወደ ኋላ ተራምዶ ከፍሪጁ ጋር ተላተመ፤ መነጽሩን እስኪያስተካክል ቦክሰኛው ዘረረው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ተራው የእሷ ሆነ። "ተነሺ እንጂ! ተቀምጦ ቦክስ የት አገር አለ?" አላት ወጣቱ።

ደንበኞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"እዚህ ቤት የሚነሳው የተሸነፈ ነው" አለችና መነጽሩን አጠለቀች።

የቦክሰኛው ቡጢ ለቆመ ሰው ቁመት የተለካ ስለነበር በአናቷ ላይ እያለፈ ሄደ። እሷ ከታች ሆዱን ደጋግማ መታችው፤ ወደቀ።

"አጭበርብረሻል! ተነሺና ድገሚው!"

"መነጽርህ ጥሩ ነው" አለች እየመለሰችለት። "ወንበሬን ግን አላስለቀቀኝም። ጋሽ ደጉ፣ ልሂድ።"

ጋሽ ደጉ ከመጋረጃው ኋላ ባለጎማ ወንበሯን ገፍተው አጠገቧ አቆሙላት። በክንዶቿ ተደግፋ ከወንበር ወደ ወንበር ተሻገረች።

"ነገም ና" አለችው ለወጣቱ። "ስትመጣ ተቀምጬ ታገኘኛለህ።"